ኮንሶሌን ከሰው ዋይፋይ ጋር ያስታረቀችኝ የኪስ ራውተር፣ ከነጣጣዋ

ማታ ነው፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ በእጅ የሚያዘውን የጌም ኮንሶሌን፣ ኒንተንዶ ስዊች ላይቴን ይዣለሁ። የዋይፋይ ምልክቷ ሶስቱም መስመር ሙሉ ነው፣ ግን ኦንላይን ልግባ ስል በ2110 የሚጀምር የኤረር ቁጥር ትሰጠኛለች። ድጋሚ ስሞክር የሆቴሉ የሎግኢን ገጽ መጣ፣ ስልክ ቁጥር አስገባ አለኝ አስገባሁ፣ ስልኬ ላይ ኮድ ተላከ፣ ኮዱን በኮንሶሏ ኪቦርድ አንድ በአንድ እየነካሁ ጻፍኩና «ቀጥል» ስለው ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። በቃ ነጭ። ስጠብቀው ስጠብቀው የኮዱ ሰዓት አለፈ። እንደዛ 3 ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ስዊቿን ዘግቼ ተኛሁ፣ ይቺን የኪስ ራውተር ማፈላለግ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ብራንዷን አልጠራም፣ ውስጣቸው ያው አንድ አይነት የሆነ ብዙ እህቶች አሏት ስለዚህ የምለው ለአብዛኞቹ ይሰራል። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ የምትል ነጭ ሳጥን ነች፣ ባትሪ የላትም፣ በዩኤስቢ ሲ 5 ቮልት ካገኘች ትነሳለች፣ እኔ ብዙውን ጊዜ የምሰካት ፓወር ባንክ ላይ ነው። 6 ወር ያህል ይዣት ዞሬያለሁ።

ምን ታደርጋለች የሚለውን ከመናገሬ በፊት ኮንሶል በሰው ዋይፋይ ለምን እንደሚቸገር ላስረዳ፣ ይሄን ሳላውቅ ስንት ቀን ሲግናል ነው ብዬ ከግድግዳ ግድግዳ ስዞር ነበር። የሆቴል፣ የኤርፖርት፣ የላይብረሪ ዋይፋይ አብዛኛው በሩ ላይ ዘበኛ አለው። ዋይፋዩን ማንም ያገኘዋል፣ ወደ ኢንተርኔቱ ለማለፍ ግን ዘበኛው ስማችሁን መመዝገብ አለበት፣ የሚያውቃችሁ ደግሞ በማክ አድሬስ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ የዋይፋይ እቃ ይዞት በሚዞረው መለያ ቁጥር። ስልካችሁ ተመዘገበ ማለት ኮንሶላችሁ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ኮንሶሏ ልክ እንደተገናኘች ወደ ራሷ ሰርቨር ትንሽዬ ጥያቄ ትልካለች፣ ዘበኛው መሃል ገብቶ የራሱን ገጽ ከመለሰላት «እዚህ ኔትወርክ ላይ ምዝገባ ያስፈልጋል» ብላ ገጹን ትከፍተዋለች። ችግሩ ስዊች እንደ ስልክ እንደፈለጋችሁ የምትከፍቱት ብራውዘር የላትም፣ ለዚህ ገጽ ብቻ ብቅ የምትል አንድ ትንሽ ብራውዘር ነች ያለቻት። «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫኑ ብቻ የሚል ገጽ ከሆነ አንደኛ ነች፣ ሌላ መስኮት ልክፈት፣ በሶሻል ሚዲያ አካውንት ግቡ ምናምን የሚል ከሆነ ግን ያኔ እንዳየሁት ነጭ ትሆናለች።

ራውተሯ የምታደርገው እንግዲህ ቀላል ተንኮል ነው። እሷ ራሷ እንደ አንድ እንግዳ ሆና የሆቴሉን ዋይፋይ ትቀላቀላለች፣ ከዛ በራሷ ስምና በራሷ ፓስወርድ ሌላ ዋይፋይ ታሰራጫለች። ስልኬን ከእሷ ጋር አገናኛለሁ፣ ስልኩ ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብዬ ሴቲንጓ ውስጥ እገባለሁ፣ ስካን እላለሁ፣ የሆቴሉን ስም እመርጣለሁ፣ ከዛ የሎግኢን ገጹ ስልኬ ላይ ይመጣል፣ ኮዱን እሞላለሁ፣ አለቀ። ዘበኛው የመዘገበው የራውተሯን ቁጥር ነው፣ ከጀርባዋ ስንት እቃ እንዳለ አይታየውም። ስዊቿ ደግሞ የምታየው ሁሌ የምታውቀውን አንድ ስም ነው፣ ቤት ያለች ነው የሚመስላት።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ራውተሯ ከሆቴሉ ጋር ተገናኘሁ ትላለች፣ ገጹ ግን ስልኬ ላይ አልመጣ አለ። ብዙ ጊዜ ገጹ የማይመጣው ብራውዘራችሁ የከፈተው ሳይት በኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ የተቆለፈ ስለሆነ ነው፣ ዘበኛው የተቆለፈ ደብዳቤ መሃል የራሱን ገጽ መሰግሰግ አይችልም። ለዚህ ሲባል ሆን ተብሎ ያልተቆለፈ ኔቨር ኤስኤስኤል የሚባል ሳይት አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ዘበኛው ይይዛችኋል ገጹም ይመጣል። እኔ ግን እሱንም ሞክሬ እምቢ አለኝ። አንድ ሰዓት ስነካካ ቆይቼ ያገኘሁት ነገር አሳፋሪ ነው። ገና ከካርቶኗ ሳወጣት «ፈጣን ይሆናል» ብዬ ዲኤንኤሷን (የሳይት ስም ሲሰጡት የቁጥር አድራሻውን የሚነግረውን ማውጫ) በእጄ 1.1.1.1 ብዬ ሞልቼው ነበር። ዘበኛው ብዙ ጊዜ የሚይዛችሁ በራሱ ዲኤንኤስ ነው፣ እናንተ የሌላ ስትጠቀሙ ወይ ጥያቄው ታግዶ ይቀራል ወይ ገጹ ሳይመጣ ይቀራል። ወደ አውቶማቲክ ስመልሰው ገጹ በሰከንድ መጣ።

ያኔ ነው እንግዲህ ብልጭ ያለብኝ፣ ስዊቿም ላይ ከሆነ ጊዜ በፊት እንደዛው በማንዋል ሞልቼ ረስቼው ነበር። ያ ሁሉ በ2110 የሚጀምር ኤረር፣ ቢያንስ ግማሹ፣ የሆቴሉ ሳይሆን የእኔው ጣት ነው። ስለዚህ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ሲስተም ሴቲንግ፣ ኢንተርኔት፣ ከዛ የኔትወርኩን ስም ነክታችሁ ዲኤንኤሱ አውቶማቲክ መሆኑን እዩ። በነጻ ሊፈታ ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ የመጣው ሌላ ማረፊያ ውስጥ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእኔ ጥፋት አይደለም። ራውተሯ ተገናኝታለች ገጹም ተሞልቷል ግን ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም፣ ስልኩም ኮንሶሏም ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። ለካ የማረፊያው ኔትወርክ አድሬስ የሚያድለው ከ192.168.8 ጀምሮ ነው፣ የእኔዋም እንደዛው። ሁለት ሰፈር አንድ አይነት የቤት ቁጥር ሲኖረው ፖስተኛው የት ይሂድ? የራውተሯን ወደ 192.168.77.1 ቀየርኩት፣ ሪስታርት አደረግኳት፣ ሰራ። ከዛ ወዲህ አልገጠመኝም፣ ማንም 77 አይመርጥም መሰለኝ።

ፍጥነት ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራውተሯ ምንም አትጨምርም እንደውም ትቀንሳለች። አንድ ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ መስመር) ብቻ ያላቸው ርካሾቹ ከሆቴሉ የሚቀበሉትም ለእናንተ የሚያሰራጩትም በዛው በአንዱ ሬዲዮ በዛው ቻናል ስለሆነ፣ ሲሰሙ አይናገሩም ሲናገሩ አይሰሙም፣ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእኔዋ ሁለት ባንድ ስላላት የሆቴሉን በ5 ጊጋኸርዝ እቀበላለሁ፣ ለስዊቿ በ2.4 አሰራጫለሁ ወይም በተቃራኒው፣ እንደዛ ሲሆን ብዙም አይታወቅም። የምትገዙ ከሆነ በዚህ አትደራደሩ፣ ካርቶኑ ላይ 2.4 እና 5 የሚሉት ሁለቱም መኖራቸውን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ጌም ዳውንሎድ ለማድረግ፣ አፕዴት ለመጫን፣ ሴቭ ክላውድ ላይ ለመስቀል ራውተሯ አንደኛ ነች። ከሰው ጋር ኦንላይን ለመጫወት ግን እድል ነው። እንደ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ያሉ ብዙ የስዊች ጌሞች ተጫዋቾቹን በቀጥታ እርስ በርስ ነው የሚያገናኙት፣ ስለዚህ የሌላው ሰው ኮንሶል ወደ እናንተ መንገድ ማግኘት አለበት። ስዊች ላይ ኮኔክሽን ቴስት ስታደርጉ ከታች ኤንኤቲ ታይፕ ከሚል ጋር አንድ ፊደል ይወጣል፣ ከውጭ ወደ እናንተ ያለው መንገድ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ የሚናገር ነው፣ ኤ ወይም ቢ ከሆነ ደህና ናችሁ፣ ዲ ከሆነ ክፍል ፍለጋው ይቆያል ወይ ከገባችሁ በኋላ ይጥላችኋል፣ ኤፍ ከሆነ እርሱት። የሆቴሉ ራውተር አንድ በር ነው፣ የእኔዋ ሁለተኛ በር ነች፣ በሁለት በር ተደራርባችሁ ነው የምትወጡት። ያረፍኩባቸው ቦታዎች ላይ ቢ ያሳየኝም አለ ዲ ያሳየኝም አለ፣ ዲ ሲያሳየኝ ሴቲንጉን ስንት ጊዜ ብነካካውም ወይ ፍንክች። ሆቴሉ ራሱ የዘጋውን እሷ አትከፍትላችሁም፣ ሻጮቹ ይሄን አይነግሯችሁም።

ስለ አሮጌዋ የኒንተንዶ ኮንሶሌ ስለ ዲኤስ ላይቴም ልበል፣ የምር ለመናገር ራውተሯን የወደድኳት በእሷ ነው። ዲኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 ስትወጣ የምታውቀው የዋይፋይ ቁልፍ ደብሊው ኢ ፒ የሚባለውን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ እንደሚሰበር ተመራማሪዎች ያሳዩት በ2001 ነው፣ የተሻለው ደብሊው ፒ ኤ 2 የመጣው እዛው 2004 ላይ ነው። እኩያዋ የሶኒ ፒኤስፒ በኋላ በመጣ አፕዴት ደብሊው ፒ ኤ ተማረች፣ ዲኤስ ግን እንደተወለደች ቀረች። በኋላ የመጣችው ዲኤስአይ እንኳን አዲሱን ቁልፍ ብታውቅም የድሮውን የዲኤስ ካርትሪጅ ስትከቱባት ተመልሳ ደብሊው ኢ ፒ ብቻ ነው የምትለው። የኒንተንዶ ኦፊሴላዊ ሰርቨር በሜይ 20፣ 2014 ተዘግቷል፣ አሁን ያለው ዲኤንኤስ በመቀየር የሚገባበት አፍቃሪዎቿ ያቆሙት ሰርቨር ነው (እዚህ ጋ ዲኤንኤስ በእጅ መሙላት ግዴታ ነው፣ ከላይ ያልኩትን እዚህ አትስሙኝ)። ዲኤሷ ከደብሊው ኢ ፒ ውጪ የምትገባው ፓስወርድ የሌለው ዋይፋይ ላይ ብቻ ነው፣ የቤቴን ራውተር ለእሷ ብዬ ፓስወርድ ማንሳት ደግሞ የማይታሰብ ነው። የኪሷ ራውተር ላይ ግን የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል አለ፣ እሱን ያለ ፓስወርድ ከፈትኩ፣ የዲኤሷን ማክ አድሬስ ብቻ አስገቢ አልኳት፣ ተጫውቼ ስጨርስ እነቅላታለሁ። ማክ አድሬስ ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ይሄ ጥበቃ ነው ብላችሁ አትመኑት፣ ጥበቃው መንቀሌ ነው።

ዲኤሷ መጀመሪያ ኔትወርኩን ጭራሽ አላየችውም። ኮንሶሏ የምታውቀው 802.11 ቢ የሚባለውን በጣም የድሮውን ቋንቋ ብቻ ነው፣ ራውተሯ ደግሞ ከፋብሪካ ስትመጣ እሱን አጥፍታ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ሞድ የሚለውን ወደ ቢ፣ ጂ፣ ኤን ቀይሬ ቻናሉን 1 ላይ ሳስቀምጠው ስሙ ብቅ አለ። ሌላው የሚያደክመው ዲኤስ ላይት ላይ የዋይፋይ ሴቲንግ ዋናው ሜኑ ላይ የለም፣ ኦንላይን የሚሰራ ጌም ከታችሁ ከጌሙ ውስጥ ነው የምትገቡት፣ ሶስት ቦታ አለ፣ አንዱን ሞልታችሁ ቴስት ትላላችሁ። «ኮኔክሽኑ ተሳክቷል» ስትለኝ ብቻዬን ክፍል ውስጥ እጄን አጨበጨብኩ፣ ምን ይደረግ።

ለቤት ግን አትግዙ። ቤት ውስጥ ኮንሶል የሚያስቸግረው በሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ባንዶች አንድ ስም ከያዙ ለየብቻ ስም ስጧቸው፣ የኒንተንዶ 3ዲኤስና የሶኒ ቪታ 2.4 ብቻ ነው የሚያዩት፣ ስዊች ሁለቱንም ታያለች፣ ራውተሩ አጠገብ ከሆናችሁ 5 ላይ አድርጓት፣ ግድግዳ ካለ 2.4 ይሻላል። ማይክሮዌቭ ሲበራ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ እሱም የሚሰራው እዛው 2.4 አካባቢ ስለሆነ ነው። የራውተሩ ቁልፍ ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ላይ ከሆነ የቆዩት ኮንሶሎች አይገቡም፣ 2 እና 3 ቅልቅሉ ላይ አድርጉት።

ከነጭራሹ ራውተር ሳትገዙ በስልክ ሆትስፖትስ? ለአንድ ለሁለት ቀን ጉዞ በቂ ነው፣ መጫወት ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም፣ የሚበላው ዳውንሎዱ ነው፣ አንድ አፕዴት ሳታስቡት ጥቂት ጊጋ ይዞ ይሄዳል፣ አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፉ። አይፎን ከሆነና የቆየ ኮንሶል አላይህም ካለው ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የምትለዋን አብሩ፣ ያኔ በ2.4 ያሰራጫል። ሳምንት ለሚቆይ፣ ብዙ እቃ ለሚይዝ፣ ወይ እንደኔ አሮጌ ኮንሶል ለሚያስታምም ግን ራውተሯ ትሻላለች። የሚያርፉበት ቦታ የራሳችሁን ራውተር አትሰኩ የሚል ደንብ ካለው ደግሞ አንብቡት፣ አንዳንዱ ይከለክላል።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣታለሁ። ኤንኤቲዋን በሻጮቹ እንጂ በእሷ አልፈረድኩም፣ አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በመብራቷ ነው፣ ማታ ማታ ሰማያዊው ነገር ክፍሉን ሙሉ ያበራዋል፣ ማጥፊያውን ሴቲንጓ ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፣ አሁን ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።