ለአንድ የካሜራ ባለሙያ ምስጋና፣ ካሜራ ለመግዛት ላሰባችሁም ጥቆማ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ለምንሸጥ ሰዎች ፎቶ ከሥራችን ግማሹ ሆኗል። ደንበኛዬ አብዛኛውን ጊዜ ቀሚሱን በእጇ ሳትዳስስ፣ በቴሌግራም የላክሁላትን ፎቶ ብቻ አይታ ነው የምታዝዘው፤ ጥለቱ በፎቶው ላይ ብርቱካናማ መስሎ ታይቶ ልብሱ እጇ ሲገባ ቀይ ሆኖ ከተገኘ ቅሬታው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ኪስ የሚገባ ዲጂታል ካሜራ ሳፈላልግ ምርጫዬ በሁለት ላይ ጠበበ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 3፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ነው። ይህን የምጽፈው ከሁለቱ አንዱን አውቄ እንድመርጥ የረዱኝን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያገለገሉ ካሜራዎችን የሚጠግኑና የሚሸጡ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው።

ምርጫውን አስቸጋሪ ያደረገው የሁለቱ መመሳሰል ነበር። ሁለቱም ባለ 1 ኢንች የሚባለው፣ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) አላቸው፤ ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ናቸው፤ የሁለቱም ሌንስ አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከኤፍ 1.8 ጀምሮ ዙም ሲደረግ ወደ ኤፍ 2.8 ይጠብባል። በሌሎች ሱቆች ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ሶኒ ይሻላል» ወይም «ካኖንን የሚያህል የለም» የሚል ብቻ ነበር፤ በምን እንደሚሻል ያስረዳኝ አልነበረም። እኚህ ሰው ግን ጥያቄዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ በወረቀት ላይ መንትዮች ናቸው፤ አንቺ የምታነሺውን ልብስ ይዘሽልኝ ነይና በእሱ እንፈትናቸው» አሉኝ።

ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው የመነን ቀሚስ ከነነጠላው ይዤ፣ ታናሽ እህቴንም አስከትዬ ሄድሁ። በቅድሚያ የሱቁን መብራት አጠፉ፤ የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጭ ሸማ በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ቢጫ ስለሚሆን የትኛውም ካሜራ በዚያ ሁኔታ በትክክል ሊመዘን አይችልም አሉ። ከዚያም ቀሚሱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሁለቱን ካሜራዎች በየተራ በአንድ ትራይፖድ ላይ አሰሩ፤ ዙሙን፣ አፐርቸሩን ኤፍ 4 ላይ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) 125 ላይ እኩል አድርገው፣ የቀለሙንም ሚዛን በአንድ ግራጫ ካርድ አስተካክለው፣ እጃቸው ካሜራውን እንዳያነቃንቀው በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ አነሱ። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡ በኋላ የካሜራዎቹን ስም ሰውረው አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» ብለው ሰየሙልኝ። የሻጭነት ጥቅም ያለው ሰው ስሙን ሰውሮ ማሳየቱ በጣም አስደነቀኝ።

በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ የተነሱትን ጎን ለጎን አስቀምጠው እስከ መቶ በመቶ ቢያጎሉልኝም አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልሁም። በጄፔግ ግን ልዩነቱ ወዲያውኑ ታየ፤ ጄፔግ ካሜራው ራሱ ቀለሙን፣ ጥርት አድራጊውንና ማለስለሻውን ወስኖ ያዘጋጀው ፎቶ ስለሆነ የፋብሪካው ምርጫ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። እኔ ፎቶዎቼን በኮምፒውተር የማቀናበር ጊዜ ስለሌለኝ እንደወጡ ነው የምልካቸው፤ ስለዚህ ለእኔ የምስል ጥራት ማለት የጄፔጉ ጥራት ነው። እህቴ ነጠላውን ለብሳ በተነሳችበት ፎቶ የፊቷ ቀለም በ«ለ» ላይ ይበልጥ እሷን መስሎ ነበርና እሱን መረጥሁ፤ «ለ» ካኖኑ ነበር። በኤፍ 1.8 በሰፊው በተነሱት ላይ ደግሞ የፎቶው ማዕዘኖች በሶኒው የተሻለ ጥራት ነበራቸው፤ ይህንንም ሳይደብቁ በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ።

ቀዩ ጥለት ላይ ስንደርስ ግን የካኖኑ ፎቶ ችግር ነበረበት። ድሩና ማጉ ሊለዩ በማይችሉበት ሁኔታ ጥለቱ እንደ ቀለም ቅብ ሆኖ አንድ ወጥ ቀይ መሰለ። እሳቸው እንዳስረዱኝ ቀዩ ቀለም ካሜራው ሊመዘግብ የሚችለው ጣሪያ ላይ ሲደርስ በክሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። ፒክቸር ስታይል በሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የቀለሙን ድምቀት ዝቅ አድርገው እንደገና ሲያነሱት ሽመናው ክር በክር ተመልሶ ታየ። ነጩን በተመለከተም ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት ሸማን አጥቁሮ እንደሚያወጣ ነገሩኝና፣ ካኖኑ አናት ላይ ያለውን የብርሃን ማካካሻ መዘውር ወደ ፕላስ እያዞሩ የነጩ ስፌት ሊጠፋ ሲል የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ አሳዩኝ። ሶኒው ለዚህ የተለየ መዘውር የለውም፤ ማስተካከያው በሌላ ቁልፍ በኩል ነው የሚገኘው።

የዙሙ ጉዳይም ለእኔ ቀላል አልነበረም። ሶኒው ከ24 እስከ 70፣ ካኖኑ ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ከሚባለው ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ከሩቅ ያለውን ይበልጥ ያቀርባል። ሙሉ ቀሚስ የለበሰች ሴት በ24 ቀርበው ቢያነሷት የቀሚሱ ጫፍ ይለጠጣል፤ ራቅ ብለው በ100 ሲያነሷት ግን የልብሱ ቅርጽ እንደተሰፋው ሆኖ ይታያል። ጨለም ሲል አይኤስኦውን 1600 ካደረሱት ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ስለሚበዛ እሱን የሚያጠፋው ማለስለሻ ስስ ሽመናንም አብሮ ያጠፋል። ልብስ አይሮጥምና ትራይፖድ ላይ አስረሽ 125 ላይ ተዪው አሉኝ።

ካኖኑን ለመውሰድ ከወሰንሁ በኋላ ያደረጉትን ነገር በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። አፐርቸሩን ኤፍ 11 ላይ አጥብበው ነጭ ግድግዳ አነሱና ፎቶውን ሲያጎሉት ከላይ በቀኝ በኩል ደብዛዛ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ስለማይነቀል አቧራውን ለማጽዳት ካሜራውን መፍታት ግድ ነው። እኔ በሰፊው አፐርቸር ስለማነሳ ነጥቡን ላላየው እንደምችል ራሳቸው ነገሩኝ፤ ነገር ግን ለነጭ ልብስ አንሺ ይህን አልሸጥም ብለው አስቀመጡትና ሌላ ካኖን አወጡ። በእሱም ነጭ ግድግዳውን፣ ከዚያም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ አንስተው አራቱ ማዕዘኖች እኩል የሚነበቡ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ነው ገንዘቤን የተቀበሉት።

ይህን አንብባችሁ ሁላችሁም ካኖን እንድትገዙ አልመክርም። ሶኒው ብቅ የሚል የዓይን መመልከቻ ስላለው በጠራራ ፀሐይ ጥምቀትን ወይም መስቀልን ለሚያነሳ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ክብደቱም 290 ግራም ብቻ ሲሆን ካኖኑ 319 ነው። ፎቶዎቹን በሮው አንስቶ ራሱ ለሚያቀናብር ሰውም የጄፔጉ ልዩነት ትርጉም አይኖረውም፤ ባለሙያው ራሳቸው እንዲህ ላለው ደንበኛ ሶኒውን እንደሚያስቀድሙ ነግረውኛል።

ጋሼ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ ቅንነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ዋጋም በስልክ አይናገሩም፤ ስለዚህ በአካል ሂዱ፣ ለማንሳት የምትፈልጉትን ዕቃና የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለም የመስኮቱ ብርሃን ጥሩ በሚሆንበት በጠዋቱ ድረሱ።