ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ያለው የማመልከቻ መጻፊያ ቤት፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ኮምቦልቻ ውስጥ የበርበሬና የቅመም ሱቅ አለኝ። የሱቁን የኪራይ ውዝፍ 62,000 ብር እንድከፍል የተፈረደብኝ ኅዳር 8 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹን በእጄ ከፍያለሁ፤ ያለ ደረሰኝ መክፈሌ የራሴ ሞኝነት ነው። ለይግባኝ ሕጉ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም፤ ጥር 8 ያበቃል። (ጳጉሜ መሃል ከገባች ግን ሁለት ወር 60 ቀን መሆኑ ይቀራል። ይህንንም የተማርኩት እዚሁ ቤት ነው።)

ታኅሣሥ 27 በሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ገባሁ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ የወጣሁት ጥር 14 ነው። ጥር 17 ቀን ሆዴን በነጠላ ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ ሚኒባሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ በዞረ ቁጥር ቁስሌን በእጄ ደግፌ ደሴ ደረስኩ። ሬጅስትራሯ ቀኑን አይታ ወረቀቴን መለሰችልኝ። «ጊዜው አልፏል፤ ከፈለጉ በአሥር ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስፈቀጃ ያቅርቡ» አለችኝ። ማስፈቀጃ የሚባል፣ ጊዜው ላለፈበት ይግባኝ ፈቃድ የሚጠየቅበት ማመልከቻ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ሌላ መጻፊያ ቤት ነበር። ሦስት ገጽ ጻፉልኝ፤ 400 ብር። ጸሐፊው ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ የራሴን ኑሮ ሰምቼ እኔው አለቀስኩ። የሙት ልጅ ማሳደጌ፣ የበርበሬ ዋጋ፣ የቀዶ ሕክምናው ስቃይ፣ ሁሉም አለበት። «ወኪሌ የሆነው የእህቴ ልጅ በወጣትነት ዝንጉነት ቀኑን በመርሳቱ» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለበት። እውነት መሰለኝ፤ ልጁ ቀኑን መርሳቱ እውነት ነውና። ያን ቀን ሰዓቱ ስለመሸ ሳላስገባው ተመለስኩ፤ ከዚያም ቁስሌ አመርቅዞ አራት ቀን ተኛሁ።

ጥር 22 ስመለስ በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴት «ከማስገባትሽ በፊት ለእኚያ ሰውዬ አሳዪ» ብላ ወደዚህ ቤት ጠቆመችኝ። የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የታሰረ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ ታሪኬን ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቀን ብቻ ንገሪኝ፤ የተፈረደበት፣ ሆስፒታል የገባሽበት፣ የወጣሽበት፣ ሬጅስትራር የመለሰሽበት።»

አራቱን ቀኖች በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፉ። ከዚያ ሦስቱን ገጽ አነበቡና ጣታቸውን «ወኪሌ» የምትለዋ ቃል ላይ አሳረፉ።

«ለዚህ ልጅ ውክልና ሰጥተሻል?»

«ኧረ የለም ጋሼ፣ ወረቀት የሚያመላልስልኝ የእህቴ ልጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ወኪል አልሽው? በዚህች ቃል በሩን በገዛ እጅሽ ልትዘጊው ነበር።»

መጽሐፉን ገልጠው አንቀጽ 326ን አሳዩኝ። ፍርድ ቤቱ ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ የሚፈቅደው ሰውየው በጊዜው ያላቀረበው በበቂ ምክንያት ከሆነ ነው። የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት ግን በቂ ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም። የእኔ ምክንያት ሆስፒታል መተኛቴ ነበር፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ግን እሱን ከልጁ ዝንጉነት በታች፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀብሮታል። ማጋነን አይሁንብኝና፣ ለእንባዬ 400 ብር ከፍዬ ለሕጉ የሚሆን አንድ መስመር ይዤ ነው የወጣሁት።

ከዚያ የሕክምና ወረቀቴን ጠየቁ። «ታማ መታከሟን እናረጋግጣለን» ይላል፤ ቀን የለውም። «ዳኛው ከዚህ ምን ይቁጠር?» ብለው መልሰው ላኩኝ። የገባሁበትና የወጣሁበት ቀን የሰፈረበት፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ አስጽፌ በማግስቱ ስመጣ ማመልከቻዋ ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አንድ ገጽ። አራት ቀን፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ልመና፤ የሙት ልጁም የበርበሬ ዋጋም የሉበትም። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ 700 ብር ለአንድ ገጽ! ጥር 24 አስገባሁ፤ ሦስት ቀን ሲቀረኝ።

ወረፋ ስጠብቅ የሰማሁትን ልጨምር፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። አንድ የሲኖትራክ ሾፌር በሌለበት ተፈርዶበት ይግባኝ ጻፉልኝ ሲል ገንዘቡን አልተቀበሉትም። «አንተ መጀመሪያ የምትጠይቀው ፍርዱ እንዲነሣልህ ነው፤ መፈረዱን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለህ» ብለው መቼ እንዳወቀ ይጠይቁት ጀመር። ገንዘብ ወደ እጁ ሲመጣ የሚመልስ ሰው ፍርድ ቤት አካባቢ አዘውትሬ አላየሁም።

አሁን ጉድለታቸው። ከሁለት ሰዓት ተኩል እንከፍታለን ይላሉ፤ ሁለቱንም ቀን ሦስት ሰዓት አልፎ ነው የከፈቱት፤ በደሴ ጥር ብርድ ውጭ መቆም ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዓርብ ለጁምዓ ወጥተው እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አይመለሱም፤ በሩ ላይ ግን ማስታወቂያ የለም። ሲናገሩም ቆጣ ይላሉ። ልብሽ ከደማ፣ የሚያጽናናሽ ሰው ከፈለግሽ፣ ቡና አፍይዋ ትሻላለች፤ «አብሽሪ» የምትለው እሷ ናት።

የካቲት ላይ ችሎቱ ማስፈቀጃዬን ተቀበለ። ዳኛዋ የጠየቁኝ ሆስፒታል የገባሁበትን ቀን ብቻ ነው። ይግባኙን በአሥር ቀን ውስጥ እንዳቀርብ ታዘዘ፤ እሱንም እኚሁ ሰው ጻፉልኝ። ዋናው ክርክር ገና ነው፤ 62,000 ብሩም በቦታው አለ።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በደረሰኝ ነው። የመጨረሻውን ሂሳብ ስከፍል ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ የላቸውም። እንደማልወጣ ሲያዩ ሳቅ አሉና ከዚያው ከአሮጌው የቀን መቁጠሪያ አንድ ቅጠል ገንጥለው ገንዘቡን መቀበላቸውን ጽፈው ፈረሙ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ልከት ስል «ቆይ፣ ቀኑን አልጻፍኩበትም» ብለው ተቀበሉኝ።