የኦክላሆማን ሰዎች ከጅማ ሆኖ መፈለግ፦ የሁለት ነጻ የኢንተርኔት መዛግብት ግምገማ

የጅማን ግብርና ኮሌጅ አጀማመር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ሳይቆይ «ኦክላሆማ» የሚል ስም ይገጥመዋል። በ1952 የተከፈተው የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የቆመው ፖይንት ፎር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራምና በኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ መምህራን ድጋፍ ነው። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። የእነዚያን ሰዎች ማንነት ለማወቅ የሚረዱ ሁለት መዛግብት አሉ፤ ሁለቱም በኦክላሆማ ታሪክ ማኅበር የተዘጋጁ ናቸው፣ ሁለቱም በነጻ ይነበባሉ። አንዱ የኦክላሆማ ታሪክና ባህል ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ሌላው ጌትዌይ ቱ ኦክላሆማ ሂስትሪ የሚባለው የጋዜጣና የፎቶ ማኅደር ነው። (እዚህ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሰውን በስሙ ለሚፈልግ ኢንሳይክሎፒዲያው አስተማማኝ ነው። ጅማን ለሚፈልግ ግን ጋዜጦቹ ውስጥ መግባት ግድ ይላል፤ እዚያ ደግሞ አፈላለጉን ያላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከኢንሳይክሎፒዲያው እንጀምር። ጽሑፎቹ በፊደል ተራና በርዕሰ ጉዳይ ተደርድረዋል። ሰው የሚገኘው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ ስለዚህ ሄንሪ ቤኔትን «ሄ» ላይ ሳይሆን «ቤ» ላይ ይፈልጉ። በአባት ስም መጠራትን ለለመደ አንባቢ ይህ የመጀመሪያው መሰናክል ነው፣ በተለይ ተማሪዎች እዚህ ላይ ጊዜ ያባክናሉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊው ስም አለበት፣ መጨረሻው ላይም ለተጨማሪ ንባብ የሚሆኑ ሥራዎች ይጠቀሳሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ዋናውን ጽሑፍ አንብቦ ከመተው ያንን ዝርዝር ገልብጦ ቢያስቀምጥ ብዙ ይጠቅመዋል።

ለጅማ ሰው ዋናው ስም ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ነው። በ1886 አርካንሳ ውስጥ ተወለደ፤ ከ1928 ጀምሮ የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ፤ በ1950 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር የመጀመሪያ ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ባለቤቱ ቬራና ባልደረቦቹ አብረውት እያሉ፣ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አቅራቢያ ተከስክሶ ሁሉም አረፉ። ይህን ቀን ልብ ማለት ያስፈልጋል። «የጅማን ትምህርት ቤት ቤኔት መርቆ ከፈተው» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ስሕተት ነው፤ ሐሳቡን ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተነጋግሮበታል እንጂ በሩ ሲከፈት እሱ በሕይወት አልነበረም። ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ጅማንና ዓለማያን አንድ ማድረግ ነው። የዓለማያ ግቢ እስኪደርስ ድረስ የዓለማያው እርሻ ኮሌጅ ትምህርት የተጀመረው ጅማ ነበር፤ ዓለማያ ሥራ የጀመረው በ1956 ነው።

ከቤኔት ቀጥሎ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሁሉ የምንመክረው የሴኮያን ታሪክ ነው። ሴኮያ ቼሮኪ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ በ1821 ለገዛ ቋንቋው ሙሉ ፊደል ሠርቶ ጨረሰ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ምልክቶች 85 ናቸው። እንደ እኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ቀለም ይወክላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ እኛ ዘንድ ከ«ለ» ወደ «ሉ»፣ ወደ «ሊ» ስንሄድ መሠረቱ ሳይለወጥ እግር ወይም ቀለበት ይጨመርበታል፤ በሴኮያ ፊደል «ላ» እና «ሊ» በመልክ ዝምድና የላቸውም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠናል። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንበብና መጻፍ ያዘ፤ በ1828 በዚሁ ፊደል ጋዜጣ ታተመ። ይህን ሲያነቡ በ1950ዎቹ ለአፋን ኦሮሞ የራሱን ፊደል የቀረጸው የሐረርጌው ሼህ በክሪ ሳጳሎ ትዝ ማለቱ አይቀርም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ለቋንቋ ክፍል ተማሪ ጥሩ ርዕስ ይወጣዋል። ሴኮያ የተወለደው ቴነሲ ነው፤ ኦክላሆማ የምትቆጥረው በ1829 ሳሊሶ በምትባለው የኦክላሆማ ከተማ አጠገብ የእንጨት ቤት ሠርቶ ስለኖረ ነው፣ ቤቱም እስከ ዛሬ አለ። በድሮ ሰነዶች «ጆርጅ ጌስ» ወይም «ጂስት» ተብሎም ስለሚጻፍ በሦስቱም ስም ይፈልጉት።

ሩጫ ለሚወድ ጂም ቶርፕ አለ፦ በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን (አምስትና ዐሥር ዓይነት ውድድር በያዙት የአትሌቲክስ ፉክክሮች) ወርቅ ወሰደ፣ በዓመቱ ተነጠቀ፣ ብቸኛ አሸናፊነቱ በይፋ የተመለሰለት በ2022 ነው። ዊልማ ማንኪለር (ከ1985 እስከ 1995 የቼሮኪ ሕዝብ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አለቃ) እና በ1958 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ጥቁር ወጣቶችን ይዛ በአንድ መደብር ውስጥ ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት የምግብ ባንኮኒ ለተቃውሞ የተቀመጠችው መምህርት ክላራ ሉፐርም መነበብ አለባቸው።

አሁን ወደ ጋዜጦቹ። የታሪክ ማኅበሩን በ1893 የመሠረቱት የጋዜጣ አዘጋጆች ናቸውና ክምችቱ በዚህ በኩል መጠንከሩ አያስገርምም። ገጾቹ ፎቶ ተነሥተው ጽሑፋቸው በኮምፒውተር ተነቧል፤ ፍለጋው የሚሠራው ኮምፒውተሩ ባነበበው ላይ ብቻ ነው። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ቀለሙ የደበዘዘ ቃል በሌላ ቃል ይተካል። ጠባብ ዓምድ ላይ ሳይበቃ ቀርቶ በሰረዝ የተከፈለ «ኢትዮ-ጵያ» ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሲፈለግም አይመጣም። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል መልስ «አልተጻፈም» ማለት አይደለም።

መፍትሔው አጫጭርና የማይለዋወጡ ቃላትን መምረጥ ነው። የከተማችን ስም በላቲን ፊደል አንዴ በሁለት ኤም፣ አንዴ በአንድ፣ አንዴ በጂ፣ አንዴ ደግሞ በዲ ጀምሮ ይጻፍ ስለነበር አራቱንም መሞከር ያስፈልጋል። የንጉሠ ነገሥቱን ስም ሲፈልጉ «ሥላሴ» የሚለው አጻጻፉ ስለሚለያይ «ኃይለ» የሚለውን ብቻ ያስገቡ። ኮሌጁን ከ1957 በፊት «ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም»፣ ከዚያ ወዲህ «ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ» በሚለው ይፈልጉ። ያገቡ ሴቶች በዘመኑ ጋዜጦች የሚጠሩት በባላቸው ስም ነበር፤ ቬራን ለማግኘት «ሚስስ ሄንሪ ቤኔት» ማለት ነው። ከዚያ ዘመኑን ከ1950 እስከ 1958 ቢያጠቡት ውጤቱ ለዓይን የሚመች ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ስቲልዋተር ከተማ የሚገኘውን ይህንኑ ኮሌጅ የጎበኙት ሰኔ 1946 ዓ.ም. ስለሆነ የ1954ን የሰኔ ወር (ጁን) እትሞች ያለ ፍለጋ ቃል፣ በዓይን እያገላበጡ ማየት ከሁሉ የተሻለ ነው።

ከ1907 በፊት የነበረ ሰው ሲፈለግ በዛሬው አውራጃ ማጥበብ አያስተማምንም፤ ኦክላሆማ ግዛት የሆነችው በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ምሥራቁ «ኢንዲያን ቴሪቶሪ» ይባል ነበር፣ አከፋፈሉም ሌላ ነው።

ቀን መቀየር ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው ሲሆን 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ሲሆን 7 ይቀነሳል። 1952 ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነገር 1944 ወይም 1945 ዓ.ም. ሊሆን ስለሚችል ወሩ ካልታወቀ የፈረንጁን ዓመት እንዳለ መተው ይሻላል።

የጋዜጣ ገጽ ምስሉ ከባድ ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት ትልቁን ምስል ከመክፈት በፊት ትንሹን ማየት፣ የሚፈለገው ገጽ ሲረጋገጥ ብቻ በሌሊት ጥቅል ትልቁን አውርዶ ማስቀመጥ ያዋጣል። ፋይሉ ላይ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር ወዲያው ይጻፉበት፤ ኋላ ምስሉ ብቻ ሲቀር ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። በሁለቱም መዛግብት የሚናገረው የኦክላሆማው ወገን ነው። ከጅማ የመጀመሪያ ተማሪዎች፣ ከኢትዮጵያውያን መምህራን፣ መሬቱን ካረሱት ገበሬዎች ወገን የሚሰማ ድምፅ ለማግኘት የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት መጠየቅና የቀደሙትን ምሩቃን አባቶች በሕይወት ሳሉ ማነጋገር ያስፈልጋል። ሲሄዱ ከጋዜጣው የወረደ አንድ ፎቶ አትመው ይያዙ፤ በባዶ እጅ «ያኔ እንዴት ነበር?» ከማለት «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያናግራል።