ባለ 8 ማርሽ የጉዞ ሳይክል፦ ከ9 ወርና ከ1,640 ኪሎ ሜትር በኋላ

ሳይክሏን የገዛኋት ባለፈው መጋቢት፣ እዚሁ ፈረንሳይ፣ ቱር ከተማ፣ 1,150 ዩሮ ከፍዬ ነው። ያኔ የሚያማክረኝ ፈልጌ ያነበብኩት አስተያየት ሁሉ ከሳምንት በላይ ያልነዷት ሰዎች የጻፉት ነበር። እኔ ዘጠኝ ወር ነድቻታለሁ። ብራንዷን አልጠራም፤ ይህ ዓይነት ሳይክል በየሱቁ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ዓይነቱን ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማል። አካሏ አሉሚኒየም ነው፤ መሃሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስም ይወጣባታል። መሪዋ ከፍ ብሎ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ጎማዋ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፓራፋንጎውና የኋላ እቃ መጫኛው አብረው ይመጣሉ። ስምንቱም ማርሽ ከውጭ አይታይም፤ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነው ያለው። መብራቷ ባትሪ አይፈልግም፤ የፊት ጎማው ሲዞር ኃይል ያመነጭላታል። ክብደቷ 18 ኪሎ ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ሳይክል ብርቄ አይደለም። ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም በሳይክል ሄጄ ነው ያደግኩት። ሻንጣ ጭኖ ለቀናት መጓዝን ግን የተማርኩት ሎዋር ወንዝ ዳር ነው። «ሎዋር አ ቬሎ» የሚሉት የሳይክል መንገድ ኔቬር አጠገብ ካለችው ኩፊ ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ሳን-ብሬቨን ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እሱም እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው ኢውሮቬሎ 6 የሚባለው አውሮፓን የሚያቋርጥ የሳይክል መንገድ አንድ ክፍል ነው። ብዙው ቦታ ሜዳ ነው። አንዳንዱ ክፍል ወንዙ እንዳይሞላ በተሠራው የአፈር ግድብ አናት ላይ ያስኬዳል፤ በግራ ወንዙና የአሸዋ ደሴቶቹ፣ በቀኝ የገበሬው ማሳና ነጭ የድንጋይ ቤቶች። በአንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ 1846፣ 1856፣ 1866 የሚል ተቀርጾ ታያላችሁ። ውኃው በሦስቱ ታላላቅ ጎርፎች እስከየት እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት ነው። በሳይክል ቆማችሁ ምልክቱ ከራሳችሁ በላይ ሲሆን የወንዙ ጉልበት ይገባችኋል።

እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው በየአምስት ደቂቃው ይቆማል። ሳይክሏን እንድወዳት ያደረገኝም ይኸው ነው። በውጭ ማርሽ ሳይክል ከባዱ ማርሽ ላይ እንዳላችሁ ድንገት ከቆማችሁ፣ እየረገጣችሁ ካልሆነ ማርሹን መቀየር አትችሉም፤ ሻንጣ ጭናችሁ ስትነሱ ጉልበታችሁን ያማችኋል። የኔዋ ግን ቆማም ትቀይራለች። ሳቢሳ የምትባለውን ወፍ ለማየት ቆማችሁ፣ የእርሻ መንገድ ላይ የተተከለውን የብረት መከላከያ ለማለፍ ወርዳችሁ፣ ወይም ሕፃን ከፊታችሁ ሲገባ ፍሬን ይዛችሁ፣ ጣት ብቻ በማዞር ከ6 ወደ 2 ትመለሳላችሁ። በዘጠኝ ወር አንዴም አልተንሸራተተም። አሸዋውም አቧራውም ስለማይገባበት ካቴናውን ዘይት የቀባሁት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ካቴናው ሙሉ ሽፋን ስላለው ነጭ ቀሚሴ እንኳ አልቆሸሸም።

ወንድም ጋሼ ባሕር ዳር ሳይክል ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ገና የገዛኋት ቀን በቪዲዮ አሳየሁት።

«ማርሹ የታለ?» አለኝ።

«ውስጥ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ዝም ብሎ ሲያያት ቆየና «መልካም ነው። ግን የኋላ ጎማሽ የተነፈሰ ቀን ምን ልታደርጊ ነው?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው በጥቅምት፣ ከሾሞን ወደ አምቧዝ ስሄድ ደረሰብኝ። እዚያ ጋ መንገዱ ከወንዙ ይለይና ወደ ወይን እርሻው ይወጣል። ገበሬዎቹ አጥር የሚከረክሙበት ወቅት ስለነበር መንገዱ ላይ እሾህ ተበትኗል። የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ከሱቅ እንደተነገረኝ ሻንጣዎቹን አውርጄ፣ ሳይክሏን ገልብጬ፣ የማርሹን ገመድ ከእምብርቱ አላቅቄ፣ በ15 ቁልፍ ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁ። ሲገጠም ደግሞ የማርሹ ገመድ በመደቡ መግባት አለበት፤ ሁለቱ ምልክቶች አራተኛው ማርሽ ላይ ካልተገናኙ መሃል ላይ ይዘላል። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። በሳይክል የሚጓዙ አዛውንት ባልና ሚስት ቆመው ባይይዙልኝ ኖሮ የበለጠ ይቆይ ነበር።

ማታ ለወንድም ጋሼ ስነግረው በጣም ነው ያዘነልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጎማውን ማን ፍቺው አለሽ? እሾሁን ከየት ላይ እንደነቀልሽው ታውቂያለሽ አይደል? የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አውጪና ከመነዳሪውን እዚያው ጋ ጎትተሽ ለጥፊው። ሳይክሏ እንደቆመች።» በማግስቱ እንግዳ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። ከመነዳሪውን ስድስት ጣት ያህል አውጥቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩና መልሼ ነፋሁ፤ አሥራ አራት ደቂቃ። እዚህ የጠየቅኳቸው ሻጮች ያልነገሩኝን ከባሕር ዳር ተማርኩ። ይህን ዓይነት ሳይክል ልትገዙ ካሰባችሁ የኋላ ጎማ ጉዳይ ብቻውን አያስቀራችሁ። 15 ቁልፉን ግን ያዙ፤ ከመነዳሪው ከተቀደደ መፍታት የግድ ነው።

አሁን ወደ 18 ኪሎው። መንገዱ ላይ ክብደቷን ረስቼዋለሁ። እንዲያውም ሁለት ሻንጣ ተጭኖባት ጠጠር ላይ ስትሄድ ክብደቷ ነው የሚያረጋጋት። የሚከብደው ባቡር ጣቢያ ነው። ከብሏ ከተማ ወደ ቤት ስመለስ የደረሰው ባቡር ውስጥ ሳይክል የሚሰቀለው በፊት ጎማው ከላይ ባለ መንጠቆ ላይ ነበር። ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አልቻልኩም፤ አንድ ተማሪ አነሳልኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሏን ወለል ላይ ማቆም የሚቻልበትን ባቡር መርጬ ነው የምሄደው፤ ያ ማለት አንዳንዴ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው። ጣቢያ ውስጥም ከመድረክ መድረክ በደረጃ ማለፍ ካለ ሻንጣዎቹን ለብቻ፣ ሳይክሏን ለብቻ አመላልሳለሁ። ብቻውን የሚጓዝ፣ ባቡር የሚያበዛ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ይህችን አይግዛ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መብራቷን መጀመሪያ እንደ ትርፍ ነገር ነበር የቆጠርኳት። ሶሚዩር ከተማ ሳይደረስ ሱዜ-ሻምፒኒ የምትባል መንደር አለች፤ መንገዱ በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ አሮጌ ሠፈር መሃል ያልፋል። ከነሐሴ ፀሐይ ወደዚያ ስገባ ዓይኔ ምንም አላየም፤ ቅዝቃዜው ብቻ ፊቴን መታኝ። ወዲያው የኔው እግር ያበራው ብርሃን ነጩን ድንጋይ አወጣልኝ፤ የመጥረቢያው ዱካ፣ የበር ጉበን፣ የምድጃ ጥቀርሻ። ፍጥነቴን ስቀንስ ብርሃኑ ደከመ፣ ስረግጥ ደመቀ። ላሊበላን የተሳለመ ሰው ዓለት ውስጥ መግባት ምን እንደሚያሰማ ያውቃል፤ እኔም ሳላስበው ነጠላዬን ፍለጋ እጄን ወደ ትከሻዬ ሰደድኩ።

ያ ጉዞ በፍልሰታ ጾም ነበር። በሶና ቆሎ በመሪው ቦርሳ ይዤ ነበር የወጣሁት፤ የሚጾሙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ትንንሽ መንደር ውስጥ ሰኞ ዳቦ ቤቱም ሊዘጋ ይችላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፤ ክፍት ምግብ ቤት ብታገኙም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚቀርበው ሰላጣ ነው። ቲማቲም፣ ዳቦና ቆሎ ግን ወንዝ ዳር ተቀምጠው ሲበሉት ግሩም ምሳ ነው። ሻንጣዎቹ አፋቸው ተጠቅልሎ የሚዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ዓይነት ናቸው፤ ለብቻቸው ነው የገዛኋቸው። ግንቦት ላይ ሙሉ ቀን ዝናብ ወርዶብኝ ውስጡ ያለው በሶ ደረቅ ነበር። በእነሱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ቅር ያለኝ ኮርቻው ነው። ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ስትቀመጡበት ይመቻል። አራት ወር ሲሞላው መሃሉ ሰመጠ። እስከ 30 ኪሎ ሜትር ችግር የለውም፤ ከ50 በላይ በሄድኩበት ቀን ሁሉ ግን ማታ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠባብና ጠንከር ያለ የቆዳ ኮርቻ ከጓደኛዬ ተውሼ ከቱር እስከ ካንድ-ሳን-ማርታን፣ ቪየን ወንዝ ከሎዋር እስከሚገናኝበት ድረስ ሄጄበታለሁ፤ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ስትገዙ የኮርቻውን ዋጋ ጨምራችሁ አስቡ።

ከፍ ያለው መሪም የሚያስከፍለው ነገር አለ። እዚህ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ነው የሚመጣው። ቀጥ ብላችሁ ስለምትቀመጡ ደረታችሁ ሸራ ይሆናል። ወደ ሶሚዩር ስወርድ በሜዳ ላይ 3ኛ ማርሽ የያዝኩባቸው ሰዓታት ነበሩ። አብዛኛው ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕር ነው የሚነዳው፤ እኔም እንደዚያው ሳደርግ ከረምኩ።

በሚያዝያ ግን በባቡር ናንት ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ወደ ቤቴ በሳይክል እመለሳለሁ። የቆዳውን ኮርቻ አዝዣለሁ። ማርሹ ዘይት እንዲታይለት ለጥር ቀጠሮ ይዣለሁ። ባቡሩም ወለል ላይ የሚያስቆመው ዓይነት መሆኑን አረጋግጫለሁ።