ኢጂአር ቫልቭ፦ ማጽዳት ወይስ መቀየር?

ሰበታና ሱሉልታ የሚመላለስ የናፍጣ መኪና የሞተር መብራት በርቶ ስካነሩ «ፒ0401» ካነበበ፣ በኢጂአር ቫልቭ (የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ በሚመልሰው በር) በኩል መመለስ ያለበት የጭስ ጋዝ አንሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መንገዱን የዘጋው ጥላሸት ነው። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ ወይም የተበላሸ ሴንሰርም ያንኑ ኮድ ስለሚያመጣ፣ እነሱን ሳያዩ ዕቃ አይግዙ። እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና ጥቁር ጭስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ማጽዳት፦ ወጪው ማጽጃ ፈሳሽ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና የእጅ ዋጋ ነው። ቫልቩን ብቻ ጠርጎ መመለስ ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ እንደ ሬንጅ የተጋገረውም ተፍቆ መውጣት አለበት። ፈሳሹ የኤሌክትሪክ ክፍሉን እንዳይነካ መካኒኩን አደራ ይበሉት።

መቀየር፦ ውድ ነው፣ ግን ሥራው ቶሎ ያልቃል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከገዙ አፉ ገጥሞ መዘጋቱን በዓይንዎ ይዩ።

የጭሱን መመለሻ መንገድ በቆርቆሮ መድፈኑን አልመክርም፤ ሰፈራችን የሚተነፍሰውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይጨምራል።

በቫኪዩም የሚሠራው ቫልቭ ዘንጉ ተስቦ በራሱ የሚመለስ ከሆነ ማጽዳት ይበቃዋል። ታጥቦም ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቫልቭ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ከተቃጠለ፣ መቀየር ነው።