ለጠባሴው የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልኩን የጠበቀ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሥራ የሚያሠራ ካለ፣ ጠባሴ ያሉትን የቶርኖ ባለሙያ ልጠቁም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

ለመመረቂያ ጥናቴ ፈሳሾችን በሌዘር የሚመረምር ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) እየሠራሁ ነበር። የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ፣ ከሚበተነው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ከሞለኪውሎቹ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ ቀለሙን ቀይሮ ይወጣል። ህንዳዊው ራማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ያገኘው ክስተት ነው። የኤታኖል (የአልኮል) አንዱ ጎላ ያለ መስመር፣ ማለትም ቀለሙን ቀይሮ የወጣው ብርሃን ምልክት፣ 558 ናኖሜትር ገደማ ላይ መታየት አለበት። የእኔው ግን ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይታይ ነበር። ሌዘሩን ጠረጠርኩ፣ ካሜራውን ጠረጠርኩ፣ ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ከለስኩ።

በመጨረሻ መሣሪያውን ይዤ ወደ ቶርኖ ባለሙያው ሄድኩ። ጋሼ ስለ ሌዘር ምንም አልጠየቁኝም። የመሣሪያውን ሣጥን ገልብጠው አዩና «ይህን እንጨት ከብረት ጋር ያጋባው ማን ነው?» አሉ። እኔው ነኝ። «በዚህ አገር ብርድና የቀትር ፀሐይ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው እምቢ ይላል፤ ታዲያ እንዴት አይጣመም?» ሁሉንም ዕቃ በአንድ ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ አሰሩልኝ።

ብርሃን የሚገባበትን ስንጥቅ በሁለት ምላጮች ነበር የሠራሁት፤ በጣት እየገፋሁ ነበር የማስተካክለው፣ ያሳፍራል። እሳቸው አንድ ሙሉ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር የሚራመድ ብሎን አበጁለትና በብሎኑ ራስ ዙሪያ እኩል የተራራቁ አሥር ጭረቶች አወጡበት። አንድ ጭረት 50 ማይክሮሜትር መሆኑ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያጠፋ ማጥፊያም ገጠሙ፤ ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

በማግስቱ ውርጭ ባለበት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለካሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደገምኩ። መስመሩ አልተነቃነቀም። ከጎረቤት የተገዛ አረቄም ያንኑ መስመር አሳየ (ለምርመራ ከመጣው ላይ የጎደለውን አትጠይቁኝ)። ጠጁ ግን ሌዘሩ ሲያርፍበት በሚያወጣው በራሱ ፍካት ሁሉንም ዋጠው፤ ያ የእኔ የቤት ሥራ ነው።

እንከን የለባቸውም ወይ ካላችሁኝ፣ ሳምንት ያሉት ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ልኩ የተጻፈበት ንድፍ ሳትይዙም አትሂዱ፤ «ይህችን ያህል» ብላችሁ በጣት ካሳያችሁ ይመልሷችኋል። በዋጋው ላይ ግን ሳንቲም አልጨመሩም፤ የተረፈውን የአሉሚኒየም ቁራጭ እንኳ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጥተውኛል።