ወደ ብሮከን የሚወጣው የእንፋሎት ባቡር፦ የፊተኛውን ፉርጎ ያዙ

ጀርመን አገር ከቬርኒገሮደ ተነሥቶ ብሮከን ተራራ ጫፍ ድረስ የሚወጣውን የሃርዝ ተራሮች ባቡር ሰው የሚያመሰግነው ለደኑና ለጭሱ ነው። የእኔ እንጀራ ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን፣ ስለሆነ ዓይኔ ያረፈው እንፋሎቱ ላይ ነው።

ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮው የድሬዳዋ ሐዲድ ልክ። ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ግን በዘንግ የተያያዙ 10 ጎማዎች ያሉት ጉልበተኛ ነው። ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 ባቤልስበርግ የተሠሩ ናቸው። መነሻው 234 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መድረሻው 1,125 ሜትር ላይ ነው፤ ዳገቱ ሲብስ በየ30 ሜትሩ 1 ሜትር ያስወጣል።

በቦይለራቸው ውስጥ በ14 ባር ግፊት ከውሃ የሚነሣ እንፋሎት 200 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እንዲሁ ወደ ሲሊንደር ቢላክ ቀዝቀዝ ያለውን ብረት ሲነካ እንደ አክንባሎ ያልበዋል፤ ውሃ የሆነው ደግሞ ፒስተን አይገፋም። ስለዚህ ከቦይለሩ ከወጣ በኋላ የእሳቱ ጋዝ በሚያልፍባቸው ወፍራም ቱቦዎች ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይመላለስና ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል። ግፊቱ አይጨምርም፤ ይሰፋል እንጂ፣ ቶሎም ውሃ አይሆንም። እንዲህ ሳይግል ከሚላከው እርጥብ እንፋሎት ጋር ሲነጻጸር የከሰል ሩብ፣ የውሃ ሢሶ ያህል ሊያተርፍ ይችላል። ዕዳም አለበት፤ ሙቀት የሚችል ዘይት ይፈልጋል፣ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው የጥንቱ ጠፍጣፋ ቫልቭም አይችለውም።

ዘዴውን ለባቡር ያበቃው ቪልሄልም ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1858 የተወለደው ከእነዚሁ ተራሮች ብዙም በማይርቀው ቬገሌበን ነው። የፕራሻው የባቡር መሐንዲስ ሮበርት ጋርበ አምኖበት እ.ኤ.አ. በ1898 በዚህ ዘዴ የሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች ሐዲድ ላይ ወጡ። ከዚያ በፊት የተሠሩ እርጥብ እንፋሎት የሚጠቀሙ ሎኮሞቲቮችም የዚሁ መስመር ንብረት ናቸው፤ አንዱ ሲሠራ ካጋጠማችሁ ሁለቱን አወዳድሩ።

ሎኮሞቲቩን ተከትሎ ከሚመጣው ፉርጎ ጫፍ ያለው ክፍት መቆሚያ ላይ ቁሙ። «ድራይ አነን ሆነ» በተባለው ጣቢያ ባቡሩ ውሃ ቀድቶ ሲነሣ ነጂው የሲሊንደሩን ማፍሰሻ ይከፍታል፤ ከጎማዎቹ ሥር ውሃና ነጭ እንፋሎት እየተቀላቀለ ይተፋል። ብረቱ ሲሞቅ ማፍሰሻው ይዘጋል፤ ከሺርከ ጣቢያ በላይ የጭስ ማውጫው ድምፅ ደረቅና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ይሆናል። ለእኔ የቲኬቱ ዋጋ እዚያ ላይ ተከፍሎ አልቋል። መነጽር ግን አትርሱ፤ የከሰል ብናኝ ዓይን አይምርም።

ጫፍ ላይ ከአንዲት መሸጫ የገዛሁት ቋሊማ በረዶ ነበር፤ ቬርኒገሮደ በልታችሁ ውጡ። ሲወርድ ሎኮሞቲቩ እንፋሎት እምብዛም ስለማይፈልግ ለማሽኑ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመውጫ ቲኬት ብቻ ግዙ፤ ጉልበት ያለው እስከ ሺርከ በእግሩ ይውረድ።